የመስቀል ወፍ የት ይሄዳል? በጨሞጋ ዳር የሦስት ቅዳሜዎች የጉዳይ ጥናት

ጠፍቶ የከረመ ዘመድ ድንገት ብቅ ሲል «ምነው፣ እንደ መስቀል ወፍ ሆንህሳ?» እንለዋለን። በ2011 ዓ.ም. መስከረም ማብቂያ ላይ፣ ደብረ ማርቆስ ውስጥ አንድ ግቢ ቡና እየጠጣን ለወንድሜ ይህንኑ ስንል የስምንት ዓመቷ ልጄ ሰማች። «ወፉ ግን ሌላ ጊዜ የት ነው የሚሄደው?» አለች። ስድስት ትልልቅ ሰዎች ነበርን። አንዱ ቆላ ይወርዳል አለ። ጎረቤታችን ባሕር ተሻግሮ ነው የሚመጣ አለች። እናቴ ደግሞ «እግዜር በመስከረም ይልከዋል፣ ሲያበቃ ይወስደዋል» ብላ ነገሩን ዘጋችው። እኔ የሥነ ሕይወት መምህር ነኝ፤ መልሱን በመጽሐፍ አንብቤዋለሁ። በዓይኔ ተከታትዬ አይቼው ግን አላውቅም ነበርና አፌን ሞልቼ መናገር አፈርኩ።

ከዚያች ቡና ተነሥቶ በሰፈራችን ቤተሰቦች መካከል አንድ የተፈጥሮና የሳይንስ ውሎ ታሰበ። አንድ ቀን ብቻ ይሆናል ያልነው ሦስት ቅዳሜ ሆነ። የመጀመሪያውን አበላሽተነዋል፤ ከዚህ በታች ከተሳካው ይልቅ ስለ ተበላሸው ብዙ የምለው ተመሳሳይ ነገር ሊያደርግ ለሚያስብ ሰው የሚጠቅመው እሱ ስለሚመስለኝ ነው።

ወቅቱና ቦታው

በእኛ አቆጣጠር መፀው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው ሦስት ወር ነው። ከተማ ያደገ ልጅ ይህን ጊዜ የሚያውቀው በደብተርና በዩኒፎርም ነው። ገጠር ያደገው ግን አደይ ሲረግፍ፣ ጤዛ ሲከብድ፣ ማር ሲቆረጥ፣ ጤፉ ሲታጨድ፣ ከዚያ አውድማ ሲለቀለቅ አንድ በአንድ ያያል። ጎጃም ውስጥ በእነዚህ ሦስት ወራት የሚለዋወጠውን ያህል በቀረው ዓመት መሬቱ የሚለዋወጥ አይመስለኝም። አረንጓዴው ቢጫ፣ ቢጫው ገለባ ይሆናል።

ቦታውን ለመምረጥ ብዙ አልተጨነቅንም። ጨሞጋ ከጮቄ ተራራ ተነሥቶ በደብረ ማርቆስ አጠገብ አልፎ ወደ ዓባይ የሚወርድ ወንዝ ነው። ዳር ዳሩን ክረምት ውሃ የሚተኛበት፣ ሣሩ ለልጅ ደረት የሚደርስ ጨፌ አለ፤ ከጨፌው ቀጥሎ የጤፍና የስንዴ ማሳ ይጀምራል። ከሰፈራችን በእግር ይደረሳል፣ ይህ ደግሞ የትራንስፖርት ወጪውን ዜሮ አደረገልን። የማሳው ባለቤት አንድ አዛውንት ገበሬ ናቸው፤ ቀድመን ሄደን አስፈቀድናቸው። ቅዳሜን የመረጥነውም ስለ እሳቸው ነው። ቅዳሜ ሰንበት ነውና ሞፈር አይነሣም፣ ማጭድ አይያዝም፤ ገበሬው ቁጭ ብሎ ለማውራት ጊዜ አለው። እሑድ ብናደርገው ኖሮ ግማሹ ሰው ቤተ ክርስቲያን፣ ግማሹ ዕድር ላይ ይሆን ነበር።

ጥቅምት 10፦ ሞንታርቦው

ከሃያ የሚበልጡ ቤተሰቦች መጡ። በወረቀት ላይ ሁሉም ነገር ነበረን፦ አራት ጣቢያ፣ ለእያንዳንዱ 20 ደቂቃ፣ የእንኳን ደህና መጣችሁ ንግግር፣ የጥያቄና መልስ ውድድር፣ ሽልማት። አንድ በጎ አሳቢ አባት ደግሞ ማንም ሳይጠይቀው ሞንታርቦ ይዞ መጣ።

ቀጠሯችን ከጧቱ 1 ሰዓት ነበር። ወፍ ለማየት ጥሩው ጊዜ ፀሐይ እንደወጣች ያለው አንድ ሁለት ሰዓት ነው፤ ከዚያ ሙቀቱ ሲበረታ ወፉም ዝም ይላል፣ ጥላ ይፈልጋል። እኛ ሰው ተሰብስቦ ንግግሩ አልቆ ወደ ሣሩ ስንጠጋ 3 ሰዓት አልፏል። በዚያ ላይ ሞንታርቦው «ልጆች፣ ፀጥታ!» እያለ ይጮሃል። ፀጥታን በሞንታርቦ ማዘዝ ምን እንደሚመስል ያን ቀን አየሁ።

የሆነ ሆኖ ወፉ አልጠፋም። የመስቀል ወፍ የሚለውን ስም ሰው ለተለያዩ ወፎች ይሰጠዋል፤ ረጅም ጅራት ያለውን የሚጠራበትም አለ። በጨፌው ላይ ያየነው ግን መላ ሰውነቱ ጥቁር፣ ትከሻውና ወገቡ ላይ ደማቅ ቢጫ ጣል የተደረገበት፣ ከድንቢጥ ጥቂት የሚበልጥ ወፍ ነው። ከሣር አናት ወደ ሣር አናት እየዘለለ፣ ላባውን ነፍቶ እንደ ኳስ ይሆናል። ወንዱ ነው እንዲህ የሚኩራራው። የሣሩን ግንድ ወጥሮ የጎጆውን አጽም የሚሠራውም እሱ ነው፤ ሴቷ ውስጡን ታለብሳለች። አንድ ወንድ በአንድ ጨፌ ላይ ለብዙ ሴቶች ጎጆ ሊጎነጉን ይችላል። ይህን ስናገር ከአባቶች መካከል የተነሣውን ሳቅና እናቶች የሰጡትን መልስ እዚህ አልጽፈውም።

ልጆቹን በሦስት ቡድን ከፍለን ጥቁርና ቢጫዎቹን አስቆጠርን። አንዱ ቡድን 9፣ ሌላው 11፣ ሦስተኛው 17 ይዞ መጣ። ያው ጨፌ፣ ያው አሥር ደቂቃ። 17 ያሉት እየሮጡ የቆጠሩት ናቸው፤ አንዱ ወፍ በተነሣ ቁጥር እንደ አዲስ ተመዝግቧል። ለውድድሩ ሽልማት አዘጋጅተን ስለነበር የእነሱ ቡድን ብዙ ስለቆጠረ ያሸነፈ መሰለው፤ ሲነገራቸው ሁለቱ አለቀሱ። ጥፋቱ የእኛ ነው። መቁጠርን ውድድር ያደረገው ሰው (እኔ ነኝ) ልጅ ቁጥር እንዲያሳድግ ገፋፍቷል ማለት ነው።

አንድ የአሥር ዓመት ልጅ ወንጭፍ በኪሱ ይዞ መጥቶ ነበር። ወንጭፉ ተወሰደበት፣ በሰው ፊት ተመከረ። ልጁ በሁለተኛውም በሦስተኛውም አልመጣም። ከሁሉም ይልቅ ወፍ የት እንደሚያርፍ፣ ምን ሲሰማ እንደሚበርር የሚያውቀው ያ ልጅ ነበር። በምክራችን አባረርነው።

ከአራቱ ጣቢያ የሠራው አንድ ብቻ ነው፤ ያውም አስተማሪ ያልነበረው። ስድስት ማጉያ መነጽሮችን ምንጣፍ ላይ አስቀምጠን አጠገቡ ሦስት ዓይነት ቢጫ አበባ አኑረን ነበር፦ አደይ፣ ኑግና መጭ። ከማሳው ዳር የለቀምነውን መጭ ሰው ሁሉ «አደይ» ብሎ ያልፈዋል፤ ኑጉን አንዱ አባት ወረድ ካለው አገር ከዘመዶቹ አስመጥቶታል። ከሩቅ ሦስቱም አንድ ናቸው። ቅጠላቸውን ያየ ግን ይለያቸዋል፤ የአደይ ቅጠል እንደ ድንብላል ተሰነጣጥቋል፣ የኑግና የመጭ ግን ያልተከፈለ ሙሉ ቅጠል ነው። ኑግና መጭ የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው፤ አጥኚዎች ኑግን ገበሬው ከመጭ ወገን መርጦ መርጦ እንዳወጣው ያስባሉ። የአደይ ዘመድ ደግሞ ልብስ ላይ የሚጣበቀው ጭጎጎት ነው። ይህን ስትሰማ አንዲት እናት «ሠርገኛዋና ሌባው የአንድ አባት ልጆች ናቸዋ!» አለች።

ልጆቹን የገረማቸው ሌላ ነው። አደይ አንድ አበባ አይደለም። በማጉያ መነጽር ሲታይ መሐሉ ላይ ያለው ቢጫ ክብ በሙሉ የየራሱ ከንፈር ያለው የጥቃቅን አበቦች ጉባኤ ነው፤ ዳር ዳሩን ያሉት «ቅጠሎች» ደግሞ እያንዳንዳቸው አንዳንድ አበባ ናቸው። አንድ ልጅ በመርፌ አንድ በአንድ እየነቀለ ሲቆጥር ሰዓቱ አለቀና እናቱ ጎትታ ወሰደችው።

ያን ምሽት ከሌሎች አራት ወላጆች ጋር ተቀምጠን የምንቀጥል ከሆነ ምን እንደምንጥል ተነጋገርን። ንግግሩን፣ ውድድሩን፣ ሽልማቱን፣ ሞንታርቦውን ጣልን። (የሞንታርቦው ባለቤት በቦታው ስለነበር ትንሽ አስቸግሯል።) ከሁሉ የከበደው ግን የልጄ ጥያቄ አለመመለሱ ነበር። የመስቀል ወፍ የት እንደሚሄድ ወፉ ባለበት ቀን ሄዶ ማወቅ አይቻልም። በሚጠፋበት ጊዜ ነው መሄድ ያለብን። ስለዚህ በየአራት ሳምንቱ፣ ያንኑ ጨፌ፣ ያንኑ ሰዓት ለማየት ወሰንን።

ኅዳር 8፦ ግማሹ ሰው፣ እጥፉ ሥራ

ከመጀመሪያው ግማሽ ያህል ሰው መጣ። ለመሄድ ቀድሞ የተነገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከሰፈር እንነሣለን፣ የቀረ ይቀራል። ብርዱ ያው ነው፤ «በጥቅምት አንድ አጥንት» ይባላል እንጂ ደብረ ማርቆስ ላይ ኅዳርም አጥንቱን አይምርም። ሣሩ ላይ ያለው ጤዛ ሸራ ጫማን በአምስት ደቂቃ ያርሳል። ካልሲ ትርፍ ይያዝ ማለት እንዳለብን የተማርነው ጥቅምት ላይ ነው።

ጤዛውን ራሱን የቤት ሥራ አድርገነው ነበር። ልጆቹ ማታ ሁለት የቆርቆሮ ሳህን አውጥተው አንዱን ሜዳ ላይ፣ ሌላውን በረንዳ ሥር ወይም ዛፍ ሥር አሳድረው ጧት በጣታቸው እንዲነኩ። የሜዳው እርጥብ፣ የበረንዳው ደረቅ ሆኖ አደረ። ክረምት ደመናው እንደ ጋቢ ተደርቦ የመሬቱን ሙቀት ያስቀርልናል፤ መፀው ላይ ሰማዩ ሲጠራ መሬቱ ማታ ሙቀቱን ወደ ላይ ይለቃል፣ ሳህኑም ከአየሩ ይልቅ ይቀዘቅዛል፣ እርጥበቱ እላዩ ላይ ይቋጥራል። የበረንዳው ጣሪያ የደመናን ሥራ ይሠራል። የበለጠ ሲቀዘቅዝ ያው ነገር ውርጭ ነው። አንዲት ልጅ ብቻ የበረንዳው ሳህን እርጥብ ሆነብኝ አለች፤ ኋላ ሲጣራ እናቷ ጧት ሳህኑን አጥባው ኖሯል።

ቆጠራውንም ቀየርነው። ሁሉም አንድ ላይ ይቆማል፤ አንዱ «አሁን!» ሲል በዚያች ቅጽበት የሚታየውን ብቻ ይቆጥራል፤ አምስት ጊዜ ይደገማል፣ ከአምስቱ ትልቁ ይመዘገባል። በዚህ መንገድ አንዱን ወፍ ሁለት ጊዜ መቁጠር ይቀራል። የተደበቀው አይቆጠርም፤ ነገር ግን በየወሩ ጥፋቱ ያው ስለሆነ ማወዳደር ይቻላል። ያን ቀን ትልቁ ቁጥር 6 ሆነ። በጥቅምቱ ቁጥር ማመን ስለማይቻል ቀነሱ ወይ አልቀነሱም አላልንም። ዋናው ነገር ቁጥሩ አልነበረም። በባይኖኩላር ሲያይ የነበረ አንድ ልጅ «ቲቸር፣ ይሄኛው ታሟል» አለኝ። ተቀብዬ አየሁት። ጥቁሩ ተቦጫጭቋል፤ ደረቱ ላይ ቡናማ ጣል ጣል ብሏል፣ አንገቱ ጎርበጥ ብሏል፤ እርጥብ ግድግዳ ላይ እንደተለጠፈ ጋዜጣ። ሁሉም ተራ ገብተው አዩት። ማንም ምንም አላስተማራቸውም፤ እኔም ዝም አልኩ። ዝም ማለት ለመምህር ከሁሉ የሚከብድ ሥራ ነው።

ዳቦ ስንቆርስ ወሬው ወደ ኅዳር 12 ሄደ። በአራተኛው ቀን ቆሻሻ ይቃጠላል፤ ያ ዓመት ደግሞ የ1911ዱ የኅዳር በሽታ 100 ዓመት የሞላበት ነው። አንድ ልጅ «ጭሱ በሽታውን ይገድለዋል?» ብሎ ጠየቀ። አያቶቹ ፊት መልሱን ማለዘብ ፈልጌ ነበር፤ አልሆነልኝም። በሽታው ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ ነው፤ ከሰው ወደ ሰው በትንፋሽ ይተላለፋል እንጂ በቆሻሻ ክምር ውስጥ አይኖርም፤ ጭሱም አይገድለውም፣ ሳንባን ግን ያስቆጣል። መጥረጉ መልካም ነው፣ ማቃጠሉ ነው የማይጠቅመው። አዛውንቱ ገበሬ ሰምተው ሲያበቁ «እንግዲያውስ ጠርጎ መቅበር ነዋ» አሉና ወደ ዳቧቸው ተመለሱ።

ታኅሣሥ 6፦ ድንቢጥ የተባለው

ጨፌው ሌላ አገር መስሏል። ሣሩ ወድቋል፣ ከብት ገብቶበታል፣ አደይ የለም፤ በየቦታው የደረቀ እንጨቱና ዘሩ ብቻ። ጤፉ ታጭዶ ተከምሯል። ነቢያት ጾም ስለሆነ ስንቁ ቆሎና ቅቅል ድንች ነበር።

«አሁን!» አምስት ጊዜ ተባለ። ጥቁርና ቢጫ፦ 0፣ 0፣ 0፣ 0፣ 0።

ልጄ ደብተሯን ዘጋች። «እውነትም ሄደዋል» አለች። የነበሩት በክምሩ ዙሪያ የሚለቅሙ፣ ሠላሳ ይሁኑ አርባ፣ ቡናማ መስመር መስመር ያላቸው ትናንሽ ወፎች ናቸው። አዛውንቱ «እነዚህማ ድንቢጥ ናቸው፣ የእህል ሌቦች» ብለው ጓል አንሥተው ወረወሩ። መንጋው ብድግ አለ። ሲበርር፣ ከመሐላቸው የአንዳንዶቹ ወገብና ትከሻ ላይ ያ የጥቅምቱ ቢጫ እንደ ክብሪት ብልጭ አለ፤ ሲያርፉ ክንፋቸውን አጠፉና ተመልሰው ቡናማ ሆኑ።

ለአፍታ ማንም አልተናገረም። ከዚያ አንዱ ትንሽ ልጅ «ድገሙት!» ብሎ ጮኸ። አዛውንቱ ደገሙት።

የሆነው ይህ ነው። ወንዱ ጥቁር ልብሱን የሚለብሰው ሣሩ ሲያድግና ዘር ሲበዛ፣ ሴት ለመጥራትና ቦታ ለማስከበር ነው። ዘመኑ ሲያልፍ ያ ልብስ ለጭልፊት መታያ ከመሆን በቀር አይጠቅመውም፤ ላባው ይረግፍና እንደ ሴቷ ቡናማ ይበቅልበታል። በዚህ ዓይነቱ ወፍ ላይ ግን የወገቡና የትከሻው ቢጫ ዓመቱን ሙሉ ይቀራል፣ ተቀምጦ ሳለ ክንፉ ይሸፍነዋል እንጂ። ቆላ አልወረደም፣ ባሕር አልተሻገረም። አጠገባችን ነው የሚከርመው፤ ስናየው የማናውቀው ነው።

እኔ በዚህ ረክቼ ማብራራቴን ልቀጥል ስል አዛውንቱ አቋረጡኝ። «ቆይ እስቲ መምህር። በመስከረም እንኳን አደረሰህ የምንለው፣ በታኅሣሥ በወንጭፍ የምንለው፣ አንዱ ወፍ ነው?» አዎ አልኳቸው። «ልጅ ሆኜ ማማ ላይ ተቀምጬ ስጠብቅ ስንቱን ጥዬዋለሁ መሰለህ» አሉ። ከዚያ ጥቂት አሰቡና «ቢሆንም ጤፌን ሲበላ ዝም አልለውም» አሉ። ልክ ናቸው፤ እኔም ብሆን አልልም።

የጠርሙሶቹ ነገር ያን ቀን አለቀ። በሦስቱም ቅዳሜ ከጨሞጋ አንድ ቦታ ላይ በሃይላንድ ውሃ ቀድተን፣ ቀኑን ጽፈን፣ መስኮት ላይ አቁመን ነበር። የጥቅምቱ ጠርሙስ ሥር ላይ ቡናማ አፈር ተኝቷል፤ የኅዳሩ ስስ፤ የታኅሣሡ ላይ ለማየት ጠርሙሱን ወደ ብርሃን ማንሣት ያስፈልጋል። የጮቄ አፈር በየትኛው ወር እንደሚሄድ ሦስቱ ጠርሙሶች ያሳያሉ። የሐምሌውን ብንቀዳ ኖሮ የበለጠ ይናገር ነበር፤ አላሰብነውም።

የቀረውን ባጭሩ

ወጪው የፎቶኮፒና የደብተር ነው፤ ባይኖኩላሩን ተውሰን ነው፣ አንድ ብቻ መሆኑ በመጀመሪያው ቀን ጠብ አስነሥቶ በሁለተኛው ቀን ሰልፍ መያዝን አስተምሯል። ከአራት ዓመት በታች ያሉ ልጆች ለዚህ ዓይነት ዝምታ አይሆኑም፤ ለእነሱ ከሣሩ ራቅ ብሎ የአበባውን ምንጣፍ ማንጠፍ ይሻላል። የሰው ቁጥር ማነሱን አንዳንዶች እንደ ውድቀት ቆጥረውታል። እኔ አልቆጠርኩትም። ከ20 ቤተሰብ ይልቅ ተመልሶ የመጣ 9 ቤተሰብ ይበልጣል፤ ለውጥ ማየት የሚችለው ያለፈውን ያየ ብቻ ነውና። ወላጆችም በመጀመሪያው ቀን ልጅ ጠባቂ ነበሩ፣ ስልክ ይነካካሉ። በሦስተኛው «አሁን!» ሲባል ከልጆቹ ይልቅ የሚቆጥሩት እነሱ ነበሩ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ጥያቄው የእነሱም ነበር። አነጋገሩን ዕድሜ ልካቸውን ተጠቅመውበታል፣ ወፉን አንድም ቀን ተከትለውት አያውቁም።

የወንጭፉን ልጅ ቤቱ ድረስ ሄጄ ጠራሁት፤ እናቱ «ይመጣል» አለች፣ አልመጣም።

ሴቶቹን ከቡናማዎቹ ወንዶች ለይተን መቁጠር አልቻልንም። በሚበርሩበት ጊዜ ብቻ ስለሚለዩ «አሁን!» የምትለው ዘዴያችን እዚህ ላይ አትሠራም፤ አንዱ አባት በስልክ ቪዲዮ ቀርጾ ማቆም ይቻላል ቢልም የቀረጸው ሁሉ ሰማይ ብቻ ሆኖ ወጣ።

ሐምሌ ላይ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ ከጨፌው አቅራቢያ ከሚኖሩት ቤተሰቦች አንዷ ልጅ በእናቷ ስልክ ደወለችልኝ። ድምፅዋ በዝናቡ መሐል እየተቆራረጠ «ቲቸር፣ አንዱ አንገቱ ላይ ጠቆር ጠቆር ብሏል» አለች። «ቀኑን ጻፊው» አልኳት። «ጽፌዋለሁ» አለችና ዘጋችው።